ጣሪያ አልባው አሮጌ መኪና፦ ገዢው የሚከፍለው ለሞተሩ ነው ወይስ ለአካሉ?

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ ላይ የቆዩ ግምቶች ተናግተዋል። ወሬው በብዛት የሚያተኩረው በቪትዝና በኮሮላ ዋጋ ላይ ቢሆንም፣ በፒያሳና በካዛንቺስ አሮጌ ግቢዎች ሸራ ለብሰው የኖሩ ጥቂት ጣሪያ አልባ የስፖርት መኪኖችም ከወሬው አላመለጡም። «ከእንግዲህ ስለማይገባ ዋጋው ይወጣል እንጂ አይወርድም» የሚለው የደላላ ቃል ገዢውን ሲያጣድፈው፣ «መለዋወጫ የሌለው ብረት ምን ይሠራል?» የሚለው የመካኒክ ቃል ደግሞ ያስቆመዋል። በሁለቱ መካከል ሳይነሳ የሚቀረው ጥያቄ ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው በትክክል ለምኑ ነው የሚለው ነው።

በአዲስ አበባ አየርና አሠራር እንዲህ ያለ መኪና በቅድሚያ መመዘን ያለበት በአካሉ ብረትና በሰነዱ ነው። ሞተሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ቀለሙ ደግሞ ከናካቴው ዋጋ ባይሰጠው ይሻላል። ገበያው ግን ዛሬም ድረስ የሚተምነው «ሞተሩ አልተነካም፣ ቀለሙ አዲስ ነው» በሚለው ሚዛን ነው። ይህ ሚዛን ለምን የተገለበጠ እንደሆነ ለመረዳት መኪናው እንዴት እንደተሠራና ከተማዋ ምን እንደምታደርገው ማየት ያስፈልጋል። (የመኪኖቹ የሥሪት ዓመት ከዚህ በታች በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአገር ውስጥ ክንውኖች ደግሞ በዓመተ ምሕረት ተጽፈዋል።)

የገበያው በር እንዴት ተዘጋ

ክልከላው በሩን ለመጨረሻ ጊዜ ዘጋው እንጂ መዝጋት የጀመረው እሱ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚጣለውን ታክስ ከዕድሜያቸው ጋር እያሳደገ እስከ 500 ከመቶ አድርሶታል። ኤክሳይዝ ታክስ የሚባለው መንግሥት የቅንጦት ናቸው ወይም በሕዝብ ላይ ጉዳት ያደርሳሉ ብሎ በለያቸው ዕቃዎች ላይ ከጉምሩክ ቀረጥ በተጨማሪ የሚጥለው ታክስ ነው። ዕድሜው 50 ዓመት የሞላው የስፖርት መኪና በዚህ ስሌት ከከፍተኛው መደብ ላይ ስለሚወድቅ፣ ክልከላው ከመምጣቱ ከአራት ዓመት በፊትም ቢሆን ከውጭ ማስመጣቱ ለአብዛኛው ሰው የማይታሰብ ሆኖ ነበር።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ይህ ለውጥ አሮጌ መኪና ያለውን ሰው በሁለት አቅጣጫ ይነካዋል። የመኪናው የብር ዋጋ ከፍ ይልለታል፤ ከውጭ የሚያስመጣው እያንዳንዱ ላስቲክና ብሎን ግን በዚያው ልክ ይወደድበታል። ወሬው የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ሌላው ምክንያት የቦታ ጉዳይ ነው። የማይነዳ መኪና ለ20 ዓመት ማቆም የሚችለው ግቢ ያለው ሰው ነው። በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ምክንያት ከመሀል ከተማ ተነስተው ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ቤተሰቦች ለቆመ መኪና የሚሆን ጥግ የላቸውም። ስለዚህ አዲስ መኪና በማይገባበት በዚሁ ወቅት የተደበቁት ወደ ሽያጭ ይወጣሉ፤ ይህም የገበያው መንቀሳቀስ የፍላጎት መጨመር ብቻ እንደሆነ አድርጎ ማሰብን ያሳስታል።

ክላሲክ የሚባለው የትኛው ነው

ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ታሪካዊ ተሽከርካሪ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን፣ ከታሪኩ ጋር በሚስማማ ይዞታ ተጠብቆ የቆየውንና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማይውለውን ነው። መስፈርቱ ዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአዲስ አበባ ጎዳና የሚመላለሱ ብዙ ኮሮላዎች ክላሲክ በሆኑ ነበር። ኮንቨርተብል የሚባለው ደግሞ ጣሪያው የሚታጠፍ ወይም የሚነሳ መኪና ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ «ክፍት መኪና» ተብሏል።

በዚህ መደብ በዓለም ላይ በብዛት የተሠሩትና ስለዚህም መለዋወጫቸው ዛሬም የሚመረተው ጥቂት ናቸው። ከ1962 እስከ 1980 የተሠራው የእንግሊዙ ኤምጂቢ፣ በዚያው ዘመን የተሠራው ትራያምፍ ስፒትፋየር፣ ከ1966 እስከ 1985 የተሠራው ፊያት 124 ስፓይደር፣ ከ1966 ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ የዘለቀው አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር ይጠቀሳሉ። ሁለቱ የጣሊያን መኪኖች የፒኒንፋሪና ንድፍ ናቸው። የስፖርት መኪና ባይባልም፣ ካርማን የተባለው የጀርመን ድርጅት ከ1949 እስከ 1980 የሠራው ክፍቱ ቮልስዋገን (ቢትል) ለአዲስ አበባ ገዢ ከሁሉም የሚቀርበው ነው፤ ምክንያቱም ቮልስዋገን የሚያውቅ እጅ በከተማዋ ዛሬም አለ።

ጣሪያው ሲነሳ ሸክሙ ወዴት ይሄዳል

ብዙ ገዢዎች ክፍት መኪናን ጣሪያ የጎደለው መደበኛ መኪና አድርገው ያዩታል። ከአሠራር አንጻር ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በተዘጋ አውቶሞቢል ውስጥ ጣሪያው፣ ምሰሶዎቹና ወለሉ ተያይዘው እንደ ሳጥን ስለሚሠሩ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ የሚመጣውን መጣመም ይከፋፈሉታል። ጣሪያው ሲቀር ይህ ሁሉ ኃይል ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ከወለሉም ውስጥ አብዛኛውን የሚሸከመው ከበሮቹ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ርዝመቱን ይዞ የሚሄደው ሳጥን መሰል ብረት ነው። በኤምጂቢ ላይ ይህ የበር ሥር ብረት ከውጭ፣ ከመካከልና ከውስጥ በተደራረቡ ላሜራዎች የተሠራ ነው። የውጨኛው ላሜራ ጤነኛ መስሎ የመካከለኛው ሙሉ በሙሉ ዝጎ ሊገኝ ይችላል። ስፒትፋየር ከአካሉ የተለየ ሻንሲ፣ ማለትም አካሉ የሚቀመጥበት የብረት መሸከሚያ፣ ስላለው ከዚህ ችግር ነጻ ነው የሚል ግምት አለ፤ የበር ሥር ብረቱ ግን በእሱም ላይ የጥንካሬው አካል ስለሆነ ግምቱ ትክክል አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መከራከሪያ ይነሳል፤ አዲስ አበባ ባሕር የላትም፣ እንደ አውሮፓ በክረምት መንገድ ላይ ጨው አይበተንባትም፣ ስለዚህ ዝገት የሌላ አገር ችግር ነው ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጥቦች እውነት ናቸው፤ ድምዳሜው ግን አይከተልም። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ በደረቀና በተሰነጠቀ የጣሪያ ሸራ አልፎ ወለል ላይ ይተኛል። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በበጋው አቧራ ስለተደፈኑ ውሃው መውጫ ያጣል፤ ሞኬቱም እርጥበቱን እንደ ስፖንጅ ይዞ ይቆያል። መኪናውን ለመጠበቅ ተብሎ የሚለብሰው የፕላስቲክ ሸራ ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ ከዝናቡ ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል። በዚህ ምክንያት ለ15 ዓመት ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና በየቀኑ ከሚነዳው የባሰ የዛገ ወለል ሊኖረው ይችላል፤ «ብዙ ያልተነዳ» የሚለው የሻጭ ቃልም ለክፍት መኪና ሙገሳ ከመሆን ይልቅ ጥያቄ የሚያስነሳ ይሆናል።

ይህን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በበሩ ሥር ብረት ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ጤነኛው ላሜራ ላይ ይጣበቃል፤ ቀዳዳው በስቱኮ ተሞልቶ ከተቀባበት ቦታ ሲደርስ ግን ድንገት ይለቅቃል። ቀጥሎ በሩ ተዘግቶ በበሩ የኋላ ጠርዝና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች ይታያል። ክፍተቱ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ መኪናው መሀሉ ላይ እየጎበጠ ነው። ከዚያም የኋላው ክፍል በክሪክ ከፍ ሲደረግ በሩ እንደ በፊቱ ይከፈትና ይዘጋ እንደሆነ ይሞከራል። ክሪኩ ሲነሳ የሚነክስ በር ላሜራው የሚደብቀውን ይናገራል። ሻጩ ሞኬቱን ማንሳት አይቻልም ካለ ግዢው እዚያው ላይ ቢቆም ይመረጣል።

አካሉ የደከመ ክፍት መኪና በአስፋልት ላይ ብዙም አያስታውቅ ይሆናል። በውስጥ ሰፈሮች ኮብልስቶን ላይ ግን የፊት መስታወቱ ፍሬም እየተንቀጠቀጠ ከመሪው ጋር የተለያየ አቅጣጫ የሚሄድ ይመስላል። ስለዚህ የሙከራ ጉዞው በዋና መንገድ ብቻ መሆን የለበትም። ጥቂት መንቀጥቀጥ የዚህ ዓይነት መኪና ባሕርይ ነው፤ በር በራሱ የሚከፍት መንቀጥቀጥ ግን አይደለም።

የባትላሜራ ሥራ በአዲስ አበባ ርካሽ ነው የሚለው አስተያየት ከሌላው ዓለም የሰዓት ክፍያ ጋር ሲነጻጸር ትክክል ነው። ቢሆንም የበር ሥር ብረት መቀየር ላሜራ መለጠፍ ማለት አይደለም። አሮጌው ተቆርጦ ሲወጣ መኪናው ከመሀሉ እንዳይጎብጥ በበሮቹ መካከል ጊዜያዊ ድጋፍ ተበይዶለት፣ ልኩ እየተለካ መሠራት አለበት። ይህ ካልተደረገ መኪናው በጎበጠበት ቅርጽ ይበየድና ለዘላለሙ በሮቹ አይገጥሙም። ከዚህ በፊት እንዲህ የተሠራን መኪና ማስተካከል ካልተነካ የዛገ መኪና ይከብዳል።

በመጋዝ የተከፈቱ መኪኖች

የክፍት መኪና ዋጋ ከተዘጋው ሲርቅ ሌላ ዓይነት ችግር ይወለዳል፤ እሱም ተራውን መኪና ጣሪያውን ቆርጦ ክፍት አድርጎ መሸጥ ነው። በቮልስዋገን ላይ ይህን መሥራት ቀላል ስለሚመስል ጥንቃቄው እዚያ ይበልጥ ያስፈልጋል። ካርማን ክፍቱን ሲሠራ ጣሪያውን በማስቀረት ብቻ አልተወሰነም፤ ከበሮቹ ሥር ተጨማሪ የብረት ድጋፎችን በይዷል፣ አካሉንም በሌሎች ቦታዎች አጠናክሯል፣ የኋላ ተሳፋሪ የጎን መስታወቶችንም የሚወርዱ አድርጓል። በመጋዝ የተከፈተው መኪና እነዚህ የሉትም።

ቀላሉ ማጣሪያ የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ በተሠሩ ቮልስዋገኖች ላይ የቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች የመኪናውን ዓይነት ያመለክታሉ፤ 11 አብዛኛውን ጊዜ ለተዘጋው፣ 15 ለክፍቱ ነው። ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር በመካከለኛው የወለል ጉብታ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ወንበሩን አንስቶ፣ አቧራውን በጨርቅ ጠርጎ፣ በባትሪ መብራት ማንበብ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በ11 የሚጀምር ክፍት መኪና የካርማን ሥራ ነው ተብሎ ከቀረበ ወይ ወለሉ ከሌላ መኪና የመጣ ነው፣ ወይ ጣሪያው ተቆርጧል። በሁለቱም በኩል ዋጋው የካርማን ዋጋ ሊሆን አይገባም፤ የተቆረጠው ደግሞ ከዋጋ በላይ የደኅንነት ጥያቄ ነው።

ሞተሩ በ2,300 ሜትር ላይ

ሞተሩ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ይቀመጥ ሲባል አይታይ ማለት አይደለም። ብዙ የሞተር ቅሬታዎች የሞተሩ ሳይሆኑ የከፍታው መሆናቸው ግን መታወቅ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ወደ 75 ከመቶ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተርም በዚሁ ምክንያት ከአምስት አንድ እስከ ሩብ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ በፋብሪካው ወረቀት 95 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለው የኤምጂቢ 1,798 ሲሲ ሞተር እዚህ ከ75 ብዙም ባያልፍ ታመመ ማለት አይቻልም።

ካርቡራተር፣ ማለትም ቤንዚንን ከአየር ጋር ደባልቆ ለሞተሩ የሚያቀርበው ክፍል፣ የአየሩን መሳሳት በራሱ አያውቅም። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ የነዳጅ ፍጆታውም ይጨምራል። መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ እያነሳ በመሆኑ ይህ የኪስ ጉዳይም ሆኗል። በኤምጂቢ ላይ ያሉት ኤስዩ ካርቡራተሮች ከሥራቸው ያለውን ዳዶ በማዞር ሊስተካከሉ ሲችሉ፣ በጣሊያኖቹ ላይ የሚገኙት ዌበሮች ግን ቤንዚን የሚያልፍባቸው ትንንሽ ቀዳዳ ያላቸው ቁራጮች መቀየር አለባቸው። ጥቁር ካንዴላ ያየ ገዢ ሞተር ይወርዳል ብሎ ዋጋ ከማስቀነሱ በፊት ኮምፕሬሽን ማስለካት ይገባዋል። ኮምፕሬሽን በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑ የሚፈጥረው ግፊት ሲሆን፣ በአራቱም ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ከሆነ ሞተሩ በመሠረቱ ጤነኛ ነው።

ከፍታው በማቀዝቀዣው ላይም ይሠራል። ውሃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው መኪናው ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት በመኪና ሰልፍ ውስጥ ሲወጣ ሊያፈላ ይችላል። ሻጩ «ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ማሸጊያ) ተቃጥሎ ነው፣ ርካሽ አደርግልሃለሁ» ሲል የተበላሸው ክዳኑ ብቻ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ተቃራኒውም እንዲሁ።

ከሞዴሎቹ የግል ጠባይ ሁለት ብቻ ማንሳት ይበቃል። የፊያት 124 ስፓይደር ሞተር ሁለቱን የቫልቭ ዘንጎች የሚያዞረው በላስቲክ ቺንጋ ነው፤ ቺንጋው በመቆምም ያረጃል፣ ቢበጠስ ደግሞ በተለይ በትልልቆቹ ሞተሮች ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ስለዚህ ለዓመታት የቆመን ስፓይደር ቺንጋ ሳይቀየር «ይኸው ይነሳል» ብሎ ማስነሳት የሻጭ ስህተት ነው፤ ገዢም ሊፈቅድለት አይገባም። አልፋ ሮሜዮ ሰንሰለት ስለሚጠቀም ከዚህ ይድናል፤ የታወቀው ድክመቱ ካምቢዮው ነው። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ በፍጥነት ሲወረድ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ የሁለተኛው ማርሽ ማመሳሰያ አልቋል። ለሁሉም የሚሠራው ነጥብ የላስቲክ ጉዳይ ነው። በከፍታ ላይ የሚበረታው ፀሐይና በአዲስ አበባ ለዓመታት ይሸጥ የነበረው ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የአሮጌ መኪና ላስቲኮችን ስለሚጎዱ፣ የነዳጅ ቱቦዎች ምንም ቢመስሉ ወዲያው መቀየር አለባቸው።

ሊብሬ፣ ውክልናና ወራሾች

በአካሉ ላይ ያለ ጉድለት በገንዘብ ሊጠገን ይችላል፤ በሰነዱ ላይ ያለ ጉድለት ግን አንዳንዴ በገንዘብም አይጠገንም። አሮጌ መኪኖች ብዙ እጅ ያለፉ በመሆናቸው ችግሩ በእነሱ ላይ ይበዛል።

የመጀመሪያው የውክልና ሰንሰለት ነው። የስም ማዛወሪያ ወጪን ለመሸሽ ሻጭ ለገዢ መኪናውን ለመሸጥና ለመለወጥ የሚያስችል ውክልና ሰጥቶ የሚለያይበት ልማድ አለ። ገዢውም ለሌላ በውክልና ያስተላልፋል፤ ሊብሬው ላይ ግን ያለው የመጀመሪያው ሰው ስም ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርሕ ደረጃ ያበቃል። ሊብሬው በ1970ዎቹ በተመዘገበ ሰው ስም ያለ መኪና ሲቀርብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ባለስሙ በሕይወት መኖራቸው ነው። አርፈው ከሆነ ሻጮቹ ወራሾች ናቸው፤ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ሊኖራቸውና ሁሉም ሊፈርሙ ወይም ሊወክሉ ይገባል። ከአራት ልጆች አንዱ ውጭ አገር ሆኖ ካልፈረመ የሦስቱ ፊርማ ሰላም አይሰጥም።

ሁለተኛው የትዳር ጉዳይ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ሕጉ በ1992 ዓ.ም. የወጣ በመሆኑ 500 ብር ዛሬ አስቂኝ ቢመስልም ድንጋጌው ስለ መኪና ሽያጭ በሙሉ ይሠራል። ሻጭ ባለትዳር ከሆነ የባለቤቱ ፊርማ፣ ካልሆነም ያላገባ ስለመሆኑ ማስረጃ ውልና ማስረጃ ላይ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የቀረጥ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት (የዛሬው የአፍሪካ ኅብረት) መቀመጫ ስለሆነች፣ በዲፕሎማቶችና በዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች ከቀረጥ ነጻ የገቡ መኪኖች ወደ ግለሰብ እጅ የሚተላለፉበት ሰፊ ታሪክ አላት። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። የተከፈለበት ማስረጃ ከሌለ ዕዳው ከመኪናው ጋር ይሄዳል።

ከእነዚህ በተጨማሪ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ለአንድ መመሳሰሉ፣ በመኪናው ላይ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት ዕዳና እገዳ አለመኖሩ፣ ቦሎው የተቋረጠበት ዘመን ርዝመትም ይታያል። ለዓመታት ቦሎ ያልተለጠፈለት መኪና ወደ መንገድ ለመመለስ የቴክኒክ ምርመራውን ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ «ቦሎ ብቻ ነው የቀረው» የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ ፍሬን፣ መብራትና መሪ ሁሉ ቀርቷል ማለት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ቢደነግግም፣ ገዢው እያወቀ የተቀበለውን ወይም ቸል ካላለ በቀር ሊያየው ይችል የነበረውን ጉድለት ግን ሻጭ ላይ መጫን አይቻልም። በአሮጌ መኪና ላይ የትኛው ጉድለት የተደበቀ፣ የትኛው የሚታይ እንደነበረ ማከራከሩ አይቀርም። መፍትሔው ሻጩ ስለ አካሉ የነገረውን በውሉ ላይ በዝርዝር ማስፈር ነው፤ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ሐረግ ያለበትን ውል ፈርሞ በኋላ ስለ ወለሉ መክሰስ ብዙም አያስኬድም።

ገንዘብ ማቆያ ነው የሚለው ክርክር

ብር የመግዛት አቅሙን ሲያጣ ሰዎች ገንዘባቸውን ወደ ዕቃ ይለውጣሉ፤ መኪና በአዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ከዚህ በመነሳት ቁጥሩ ሊጨምር የማይችል ክላሲክ ከኮሮላ የተሻለ ገንዘብ ማቆያ ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ጎን አለው፤ አቅርቦቱ በእርግጥ ተዘግቷል።

ነገር ግን ኮሮላን ገንዘብ ማቆያ ያደረገው ቁጥሩ ማነሱ ሳይሆን ገዢው መብዛቱ ነው። ኮሮላ ጠዋት ለገበያ ወጥቶ ማታ ሊሸጥ የሚችል ሲሆን፣ የክፍት ስፖርት መኪና ገዢዎች ግን በከተማዋ ሁሉ ጥቂት ናቸው። ገንዘቡ ለሕክምና ወይም ለትምህርት ቤት ክፍያ በአስቸኳይ ሲፈለግ የሚገኘው ዋጋ የዚያን ዕለት ያለው አንድ ገዢ የሚሰጠው ዋጋ ነው። ከዚህም ሌላ የሚጠቀሱት ዋጋዎች የተጠየቁ እንጂ የተከፈሉ አይደሉም። በደላላ አፍ የሚዞር ዋጋ ለመደራደሪያ ይጠቅማል፤ ለሀብት ግምት ግን መሠረት አይሆንም። የጥገና ወጪው ሲታከልበት፣ መኪናውን ለደስታ የገዛ ሰው ዋጋው ቢጠበቅለት እንደ ትርፍ ሊቆጥረው ይችላል፤ ለትርፍ ብቻ የገዛው ግን ከቦታ ኪራዩ ጀምሮ ሲከስር ይታያል።

የቶዮታ ሞተር ይግባበት ወይስ አይግባበት

በጋራዦች የሚሰማው ተግባራዊ ምክር መለዋወጫ በማይገኝበት ከተማ የቶዮታ ሞተርና ካምቢዮ መግጠም ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ በአንድ ቀን የሚገኝ ዕቃ ያለው መኪና በእርግጥ ይነዳል። የኦሪጅናል ወዳጆች ደግሞ የራሱ ሞተር የሌለው አልፋ ሮሜዮ አልፋ ሮሜዮ አይደለም ይላሉ። ለአዲስ አበባ ነዋሪ የመጀመሪያው ወገን ምክር ብዙ ጊዜ ትክክል ይመስላል፤ ሁለት ሁኔታዎች ግን ያስፈልጉታል። አንደኛው የሞተር ለውጡ በመዝገብ ላይ መስፈሩ ነው፤ ያልተመዘገበ ሞተር በቀጣዩ ስም ማዛወር ላይ ችግር ይፈጥራል። ሁለተኛው ለውጡ አካሉን ሳይቆርጥ መሠራቱና የወጣው ሞተር አለመጣሉ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር መግጠምም እየተነሳ ያለ ሐሳብ ቢሆንም የባትሪው ክብደት የሚያርፈው በዚያው በደከመው ወለል ላይ በመሆኑ የአካሉን ጥያቄ ያብሰዋል እንጂ አያስቀረውም።

መለዋወጫን በሚመለከት ስጋቱ የተጋነነበት ቦታ አለ። ለኤምጂቢ ከ1988 ጀምሮ ሙሉ አዲስ አካል ሳይቀር በእንግሊዝ ይመረታል፤ ለጣሊያኖቹም አብዛኛው ነገር ይገኛል። የሚያስቸግረው ዕቃው አለመኖሩ ሳይሆን በሻንጣ የሚያመጣ ዘመድ፣ የሚከፈለው ዶላርና ካርቡራተር በጆሮው የሚያስተካክል መካኒክ መገኘቱ ነው። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል፤ ወጣቶቹ መካኒኮች የሠለጠኑት በኮምፒውተር በሚመረመሩ ሞተሮች ላይ ነው፣ አሁን ደግሞ ወደ ኤሌክትሪክ መኪኖች እያዘነበሉ ነው። ስለዚህ ከመኪናው በፊት መካኒኩን ማግኘትና ለምርመራው ከገዢው ወገን ሆኖ እንዲመጣ ማድረግ፣ ክፍያውንም ከደላላው ኮሚሽን ጋር አለማያያዝ ይበጃል።

የሚታይበት ወቅት

ክፍት መኪኖች ለሽያጭ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው፤ ፀሐይ ወጥታለች፣ ወለሉ ደርቋል፣ ቀለሙ ተቀብቷል፣ ሰውም ጣሪያ አጥፎ መንዳት ያምረዋል። ገዢ ግን በሐምሌ ወይም በነሐሴ ቢያየው ብዙ ነገር ያለ መካኒክ ይገለጥለታል። ሌሊቱን ዝናብ ያደረበትን መኪና ጠዋት ከፍቶ ከሹፌሩ እግር ሥር ያለውን ሞኬት በመዳፍ መጫን ይበቃል። በዚያ ወቅት ፈላጊ ስለሌለ ዋጋውም ይለሰልሳል። ሻጩ «ክረምቱ ይለፍና አሳይሃለሁ» ካለ ግን ቀጠሮው በነሐሴ እንዲሆን ተመልሶ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ቀብዱም የሚከፈለው ሞኬቱ ተነስቶ ወለሉ ከታየ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ከተመሳከረና ፈራሚዎቹ በሙሉ ከታወቁ በኋላ ነው።